ወንበሩ ላይ የቀረው ኮት

እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዲሲ አጠገብ በምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ፣ በሲሚንቶው ደረጃ ሥር አንድ ሰው ሞቶ ተገኘ። የዚያው የፓርኪንግ ሠራተኛ ነበር። ስሙ ጀላልዲን፣ ዕድሜው ሃምሳ አንድ።

መርማሪ ስሂን ስትደርስ አምቡላንሱ መብራቱን አጥፍቶ ቆሟል። አለቃዋ አስቀድሞ በስልክ ነግሯታል። የካቲት ነው፣ በረዶ ነው፣ አንሸራቶት ነው፤ ቶሎ ጨርሰሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ ብሏታል። ሦስት እሁድ በተከታታይ ቤቷ አልዋለችም። ልጇም መጠየቁን ትታለች።

ደረጃውን ወጥታ ወረደች። ጨው ተነስንሶበታል። ደረቅ ነው። የሚያንሸራትት ነገር የለም።

ሰውየው በጀርባው ተኝቷል። የኪስ ቦርሳው ኪሱ ውስጥ አለ፤ ስልኩ ግን የለም። ከሹራብ ኮፍያው ሥር፣ ጆሮው ላይ፣ አጭር እርሳስ ተሰክቶ አገኘች። ጫፉ በጥርስ ታኝኳል።

አስከሬኑን ያገኘው የሥራ ባልደረባው ብስራት ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው።

«ቦርሳ ይይዝ ነበር?» አለችው ስሂን።

«ጥቁር የትከሻ ቦርሳ። ሽንት ቤት እንኳ ይዞት ነው የሚገባው። ‹ጋሽ ጀላል፣ ሚስትህ ናት እንዴ?› እያልን እንስቅበት ነበር።»

«አሁን የለም።»

ብስራት ዙሪያውን ተመለከተ። «የለም» አለ ቀስ ብሎ።

«እርሳሱስ?»

«እሱ እንኳን ሊጽፍ፣ ትኬቱን የምጽፍለት እኔ ነኝ። ማንበብ አይችልም።» ይህን ሲል ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። ስሂን አየችው።

«ዛሬ ምን አለህ?»

«‹እንግዳ ይመጣብኛል፣ ለግማሽ ሰዓት ሸፍንልኝ› አለኝ። ‹ማነው እንግዳው?› ስለው፣ ‹ሐፍረት ካለው ይመጣል› አለኝ። ከዚያ ወደ ላይ ወጣ።»

*

ሰኞ ጠዋት ስሂን ወንዙን ተሻግራ ወደ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነዳች። ጀላልዲን ይኖር የነበረው ከእህቱ ከዛኪያ ጋር ነው። የአፓርታማው ኮሪደር በጫማ ተሞልቷል። ሰው ለለቅሶ መጥቶ ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል።

ዛኪያ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። ስሂንን እጇን ይዛ ወደ ወንድሟ ክፍል አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የደሴ ነኝ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ይገባሻል። ሬሳውን መቼ ነው የምትሰጡን? ሰው ሲሞት በማግስቱ ነው የሚቀበር። አላህስ ምን ይለኛል?»

«ሐኪሙ እስኪጨርስ ነው። እኔም እየለመንኩ ነው፣ እትዬ።»

ዛኪያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሳትጠየቅ መናገር ጀመረች።

ጀላልዲን ወሎ ውስጥ ጥቁር ገደል በሚባል ቀበሌ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ቆፋሪ ነበር። የቆፋሪዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበርም ነበር። አንድ ድርጅት መጥቶ ከመንደሩ ምንጭ በላይ በድማሚት ዋሻ ከፈተ። ምንጩ ደፈረሰ፤ ከብት አለቀ። ቀጥሎ ዋሻው ተደርምሶ ዘጠኝ ሰው ቀበረ። ቆፋሪዎቹ ሥራ አቁመው ምንጩ አጠገብ ተቀመጡ። ሌላ ምንም አላደረጉም፤ ተቀመጡ ብቻ። በሦስተኛው ቀን የድርጅቱ ጥበቃዎች ተኮሱባቸው። ሦስት ሰው ሞተ።

«የተኮሰውን ያውቁታል?»

«እሱ ያውቃል። እኔ ግን ‹ንገረኝ› ብለው አይነግረኝም። ‹አንቺ ባታውቂው ይሻልሻል› ይለኛል። የፊታችን ሐሙስ ዲሲ ሄዶ ለአንድ የሰብዓዊ መብት ድርጅት ቃሉን ሊሰጥ ነበር። ወረቀቱም ተጽፏል። ወረቀቱ ላይ የሰባት ሰው ስም አለ። ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ለመመስከር ቃል ገብተውለታል። እዚያው ጥቁር ገደል ነው ያሉት።»

«ወረቀቱ የት አለ?»

«ቦርሳው ውስጥ።»

 «ቦርሳው አልተገኘም፣ እትዬ።»

ዛኪያ ስልኳን አወጣች። «ከሰባቱ አንዱ ሱሃይብ ነው፤ የጀላል ልጅ። እኔ የሞላሁት ፎርም አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶ ሲደርስ ልጁ ሃያ አንድ አልፎት ነበር። ‹ይኼ አይገባም› አሉት። አባትየው ብቻውን መጣ። ከትናንት ጀምሮ እደውላለሁ፤ ስልኩ ዝግ ነው።» ስልኩን አልጋው ላይ ጣለችው። «ወንድሜስ ሞቷል። ልጄ፣ ያንን ወረቀት የያዘው ሰው ወደዚያ ከላከው እኮ ሰባቱም አለቁ። እሱን ንገሪኝ። ልኮታል? አልላከውም?»

ስሂን የራሷ ልጅ ለአንድ ሰዓት ስልክ ሳታነሳ ስትቀር ምን እንደምትሆን ታውቃለች።

ክፍሉን ተመለከተች። ሻንጣው ተከፍቷል፤ ልብሱ ተገለባብጧል። ማሞቂያው ላይ አንድ የማር ብልቃጥ ተቀምጧል። ግማሽ ድረስ ውኃ አለው። ከውኃው ሥር ሰባት የብርጭቆ ስባሪ የሚመስሉ ነገሮች አሉ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ድንጋዮቹ ናቸው። ሰባቱ ሰዎች አንድ አንድ ሰጥተውታል፤ የቃል ኪዳን ነው። ሁልጊዜ ሻንጣው ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።» ዛኪያ ብልቃጡን ነክታ እጇን መለስ አደረገች። ሞቋል።

«ይህን ክፍል ማን ገባበት?»

«ማንም።»

«ማንም?»

«ማንም አልገባም፣ ልጄ። ወላሂ።»

*

ማክሰኞ ስሂን ብልቃጡን ይዛ ወደ ፉአድ ሱቅ ሄደች። ፉአድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጌጣ ጌጥ ይሸጣል፤ የወሎ ኦፓልም ያስመጣል። ከሁለት ሳምንት በፊት ጀላልዲን እዚያ ገብቶ መጮሁን መንደሩ ሁሉ ያወራል።

«ጮኸብኝ፣ አዎ» አለ ፉአድ። ወፍራም፣ ፈጣን ተናጋሪ ሰው ነው። «‹የሞቱ ሰዎች ድንጋይ ነው የምትሸጠው› አለኝ። ሁለት ፈረንጅ ሙሽሮች ቀለበት እየመረጡ! በአማርኛ መጮኹ በጀኝ።»

«ተናደድክ?»

«አፈርኩ። ንዴት ሌላ ነው።» የጠረጴዛውን መስታወት በእጁ ጠረገ። «ከዚያ ድርጅት መግዛት አቁሜያለሁ። ለማንም ግን አልተናገርኩም። አሁን ለእርስዎ ብናገር ማን ያምነኛል?»

«እሁድ የት ዋልክ?»

«በርክ የሚባል ሰፈር፣ እህቴ ቤት። የአራስ ልጇ የአቂቃ ድግስ ነበር፤ በጉን የከፋፈልኩት እኔ ነኝ። ሁለት መቶ ሰው እጄን ሲያይ ነው የዋለው። ‹የእኔን አሳነስከው› ያለችኝን ሴትዮ ስልክ ልስጥዎት?»

ስሂን ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፉአድ ጎንበስ ብሎ አየው። ፊቱ ተለወጠ። በጣቱ አንዱን ድንጋይ አውጥቶ በጨርቅ ያዘው።

«ይህን ማነው እሳት ያስጠጋው?»

«ማሞቂያ ላይ ነው ያገኘሁት።»

«ሁለቱ ተሰንጥቀዋል! ኦፓል እሳት አይወድም። ቆፋሪ ይህን አያደርግም። የድንጋይ ሌባም አያደርግም።» አንገቱን ነቀነቀ። «ውኃ ውስጥ ሲሆን እንደ ብርጭቆ ነው፤ ቀለሙ ይጠፋል። ሲደርቅ ነው እሳቱ የሚወጣው። የሚያውቅ ሰው ብልቃጡን ይዞ ይሄድ ነበር። ይህን ማሞቂያ ላይ ያስቀመጠው ሰው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው።»

ስሂን ከሱቁ ስትወጣ ሁለት ነገር ይዛ ወጣች። አንደኛ፣ ፉአድ አይደለም። ሁለተኛ፣ ዛኪያ «ማንም» ብትልም ያንን ክፍል አንድ ሰው ፈትሾታል። የፈለገውም ወረቀት ነው።

*

ዛኪያ እንደነገረቻት ወረቀቱን የጻፈው ተውፊቅ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ተውፊቅን የማያውቅ የለም። በየእሁዱ፣ በየማክሰኞውና በየሐሙሱ በሐበሻ ማኅበር አዳራሽ ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል። ማንበብ ላልቻለ ሁሉ ፎርም ይሞላል፣ ደብዳቤ ያነባል፣ ኢሚግሬሽን ይከራከራል። ሳንቲም አይቀበልም።

ስሂን ስትገባ ስድስት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ የሰዎቹ ወረቀት በተርታ ተደርድሯል፤ ወረቀቱ ነው ሰልፉን የያዘው። ወንበሩ ላይ ቡናማ ኮት ተንጠልጥሏል።

«ተውፊቅ አለ?»

«አለ፣ አለ» አለቻት ሳቢራ የምትባል፣ የቤት ኪራይ ወረቀት የያዘች ሴት። «ቁጭ በይ። ወረቀትሽን መጨረሻ ላይ አድርጊ።»

ሃያ ደቂቃ ጠበቀች። ተውፊቅ መጣ፤ ሶላት ሰግዶ ነው። አርባ ዓመት ይሆነዋል። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው።

«አላህ ይማረው» አለ። «ጥሩ ሰው ነበር። ምን ልርዳሽ፣ እህቴ?»

«የጻፍክለትን ወረቀት ግልባጭ እፈልጋለሁ።»

ሳያመነታ ከኮምፒውተሩ አወጣላት። ሁለት ገጽ ነው፤ በንጹሕ አማርኛ ተጽፏል። የሰባቱ ስም አለ። የሞቱት ስም አለ። ከታች «መጀመሪያ የተኮሰው አንድ ያልታወቀ ጥበቃ ነው» ይላል።

«ያልታወቀ?»

«እንደዚያ ነው ያለኝ። አቧራ ነበር አለ፤ ሰው እየሮጠ።»

«ሐሙስ ማን ሊያስተረጉምለት ነበር?»

«እኔ ነበርኩ።»

«እሁድ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበርክ?»

ተውፊቅ አልተቆጣም። ድካም በሞላበት ፈገግታ ወደ ሴቶቹ ዞረ። «እነሱን ጠይቂያቸው።»

«ኧረ እዚሁ ነው የዋለ!» አለች ሳቢራ። «ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት። እኔ ራሴ አምስት ሰዓት ገብቼ ዘጠኝ ሰዓት ነው የወጣሁት። ይህንን ልጅ ደግሞ ምን ታደርጊዋለሽ? ያለሱ እኮ እኛ ዕውር ነን።»

ሌሎቹም እንደዚያው አሉ። ስሂን ስማቸውን ጻፈች። ሴቶች ሲዋሹ ታውቃለች። እነዚህ አይዋሹም።

*

ማታ ብስራት ደወለላት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ። አደራ ብሎኝ ነው። ሰውዬው ከሞተ አደራው ይፈርሳል ወይ ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ።»

«ተናገር፣ ልጄ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ይማር ነበር። ፊደል። ለእህቱ በድንገት ሊያነብላት ነበር የፈለገው። ‹ሳልጨርስ እንዳትናገር› አለኝ።»

ትምህርቱ የሚሰጠው እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነው። አስተማሪዋ ሰጂዳ የአራት ልጆች እናት ናት። ረቡዕ ጠዋት ስሂን ስትገባ የአሥራ ሁለት ጎልማሳ ተማሪዎች ደብተር ፊቷ ተከምሯል። ቅዳሜ ሰብስባ በሳምንቱ መሐል ነው የምታርመው።

«በአምስት ወር ነው የቻለ» አለች ሰጂዳ። ዓይኗ ቀልቷል። «እርሳሱን ያኝከዋል። ‹ጋሽ ጀላል፣ እርሳስ ምሳ አይሆንም› እለዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ይዞ መጣ። ‹የራሴ ቃል ነው፣ ራሴ ላንብበው› አለኝ። ጣቱን ከሥር እያስኬደ አነበበ። ሰዉ ሁሉ እያዳመጠው ነበር። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። ‹ይኼ ቃል ምን ይላል?› አለኝ። አየሁለትና ‹ያልታወቀ› አልኩት። ‹እርግጠኛ ነሽ?› አለ። ‹አዎ።› ደግሞ ሌላ ሰው ጠየቀ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ከተተና ደብተሩን አወጣ። ክፍሉ እስኪያልቅ ሲጽፍ ቆየ። ሲወጣ ስልኩን ይዞ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ለብዙ ጊዜ ሲያወራ አየሁት።»

ደብተሩን አወጣችላት። የመጨረሻው ገጽ በትልልቅ፣ በተንጋደዱ ፊደሎች ተሞልቷል። እኔ ጀላልዲን ነኝ ብሎ ይጀምራል። መጨረሻው ላይ አንድ ስም ሦስት ጊዜ ተጽፏል። እንዳይጠፋበት የፈራ ይመስላል። መንገሻ ወንድይፍራው። መንገሻ ወንድይፍራው። መንገሻ ወንድይፍራው።

«እኔ ወንድሙ መስሎኝ ነበር» አለች ሰጂዳ። «ሰው መጻፍ ሲለምድ መጀመሪያ የሚወደውን ሰው ስም ነው የሚጽፈው።»

ስሂን ደብተሩን ይዛ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠች። ሞተሩን አላስነሳችም። ጀላልዲን ስሙን ተናግሯል። ስሙን የተቀበለው ሰው አልጻፈውም። ማንበብ የማይችለውን ሰው ቃል፣ እፊቱ ተቀምጦ፣ ሌላ አድርጎ ጻፈው።

ግን ተውፊቅ እሁድ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ስድስት ሴቶች አይተውታል።

*

ከቀትር በኋላ የፓርኪንጉ ካሜራ ቅጂ ደረሰ። ምስሉ ደብዛዛ ነው። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ አንድ ሰው ኮፍያውን ወደ ፊቱ ስቦ በእግረኛ በር ይገባል። ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ በብብቱ ጥቁር ነገር ይዞ ይወጣል። በሸሚዝ ብቻ ነው። ሁለት እጁን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይንቀጠቀጣል።

«ቤት የሌለው ነው» አለ አለቃዋ። «እሁድ ከዜሮ በታች ነበር። ኮት ያለው ሰው እንደዚያ አይሄድም።»

ስሂን ምስሉን አቁማ ጫማውን አየች። ተወልውሏል።

ኮት ያለው ሰው እንደዚያ አይሄድም። ኮቱን ሌላ ቦታ ለሌላ ሥራ ካልተወው በቀር።

አባቷ ትዝ አላት። ደሴ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። ሁለት ኮት ነበረው፤ አንዱን ይለብሰዋል፣ አንዱ የወንበሩ ነው። ጠዋት ይሰቅለውና ጉዳዩን ሊጨርስ ከተማ ይወጣል። ባለጉዳዩ በሩን ከፍቶ ያያል፤ «ኮቱ አለ» ብሎ ተመልሶ ይቀመጣል። ሲጠይቁትም «አለ» ነው የሚለው። ልጅ ሆና ምሳ ስታደርስ እሷም ለዚያ ኮት ሰላምታ ሰጥታ ታውቃለች።

ሳቢራ ቤት ደወለች።

«እሁድ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተውፊቅን አየሽው?»

«ነገርኩሽ እኮ። ነበረ።»

«አናገርሽው?»

«ወረፋዬ አልደረሰም ነበር።»

«ሳቢራ፣ የኔ እናት፣ እሱን ነው ያየሽው ወይስ ኮቱን?»

 ከኋላ የልጅ ድምፅ ይሰማል።

«ውይ» አለች ሳቢራ። «ውይ፣ ውይ። ኮቱን።»

ስሂን ቀጥላ ዛኪያ ጋ ሄደች። ለቀስተኛው ተበትኗል። ሁለቱ ብቻቸውን ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ሰኞ ጠዋት እኔ ከመምጣቴ በፊት ተውፊቅ ወደ ጀላልዲን ክፍል ገብቶ ነበር?»

«አዎ፤ ለቀብሩ ወረቀት ሊፈልግልኝ። ፓስፖርቱን፣ ግሪን ካርዱን።»

«ማንም አልገባም ብለውኝ ነበር።»

ዛኪያ ግራ ተጋባች። «እሱ ተውፊቅ ነዋ። ‹ማን ገባ› ስትይኝ እሱን እቆጥራለሁ?»

«ጀላልዲን ‹ተኮሰ› ያለው ሰው ስሙ መንገሻ ወንድይፍራው ነው። ያውቁታል?»

አሮጊቷ አሰበች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«አምና የተውፊቅ እናት ሞታ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። ከአገር ቤት ታላቅ ወንድሙ ደወለ። ስልኩን እያዞርን ‹ያጥናህ› አልነው። ‹መንገሻ፣ አይዞህ› ብዬዋለሁ በዚህ አፌ። በእናት አንድ ናቸው። እናትየው መጀመሪያ ክርስቲያን አግብታ ነበር፤ በወሎ ያለ ነው። የአባታቸው ስም ስለሚለያይ ማንም አያውቅ።» ነጠላዋን ጨመደደች። «ጀላልም አላወቀ። የመንገሻን ስም፣ ለመንገሻ ወንድም ነው ሄዶ የነገረው።»

*

ሐሙስ ጠዋት ስሂን አዳራሹ ገባች። አብረዋት የመጡ ሁለት የአሌክሳንድሪያ ፖሊሶች በር ላይ ቀሩ። ተውፊቅ ኮቱን ለብሶ ተቀምጧል። እሷ ምንም ሳትናገር አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ፣ ከተርታው መጨረሻ አኖረች። ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ሳቢራ አጠገቧ ነበረች፤ አላየቻትም፣ ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላለች።

አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። ተውፊቅ የአንዷን የሕክምና ካርድ ሞላ። የሌላዋን የልጅ ትምህርት ቤት ደብዳቤ አነበበ። በየመሐሉ ወደ በሩ ያያል። በመጨረሻ የስሂንን ወረቀት አነሳ።

የካሜራው ፎቶ ነበር። በሸሚዝ፣ እጁን ብብቱ ሥር ሸጉጦ።

ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። «ብርድ ነበር» አለ።

ሴቶቹ ተነስተው አንድ በአንድ ወጡ። ወረቀታቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ።

«ደወለልኝ» አለ ተውፊቅ። «‹ማንበብ ችያለሁ፣ ና ስሙን ጻፍ፤ ካልጻፍከው ሐሙስ በገዛ እጄ እጽፈዋለሁ› አለኝ። ልለምነው ነው የሄድኩት። መንገሻ ነው ያሳደገኝ፣ እህቴ። እሱ ዘበኛ ሆኖ ቆሞ እኔ ተማርኩ። ይኼ የምጽፍበት እጅ የእሱ ነው። እንዴት አድርጌ ስሙን ልጻፍ?»

«ባትጽፈውስ? ‹አልችልም፣ ሌላ ሰው ፈልግ› ትለው ነበር።»

ተውፊቅ ፎቶውን ገለበጠው።

«ለመንከው፣ እሺ። ከዚያስ?»

«‹ሦስት ሰው እኮ ነው› አለኝ። ‹ስማቸውን አንተው ጻፍከው› አለኝ። ደረጃው ላይ ነበርን። ቦርሳውን ያዝኩ፤ አለቀቀም። ገፋሁት። ወላሂ፣ መግፋት ብቻ ነው።»

«ወድቆ ስታየው አምቡላንስ ጠራህ?»

«አልጠራሁም። ቦርሳውንና ስልኩን ይዤ ወጣሁ፤ ሰኞ ደግሞ በእጁ የጻፈው እንዳለ ብዬ ክፍሉን ፈተሽኩ።»

ስሂን ወደ ፊት ጎንበስ አለች። ለአራት ቀን ስትፈራው የኖረችውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ሰባቱን ስሞች ለመንገሻ ልከህለታል?»

ተውፊቅ ዓይኑን ጨፈነ።

«እሁድ። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ። አስቀድሞም ‹እነማን ናቸው?› እያለ ይወተውተኝ ነበር፤ አልነግረውም ነበር። እሁድ ግን… አንዴ እጄ በደም ከተነከረ በኋላ… ፎቶ አንስቼ ላክሁለት።»

ፖሊሶቹ ካቴናውን ሲያስገቡለት ኮቱን ማስተካከል ፈለገ። ስሂን የኮቱን ቁልፍ ቆለፈችለት። ለምን እንዳደረገችው አላወቀችም፤ ውጭ ብርድ ነበር።

*

ከዚያ ወደ ዛኪያ ቤት መንዳት ነበረባት። ባትነዳ ትወድ ነበር። ዲሲ ላለው ድርጅት የደብተሩን ገጽ ግልባጭ ልካለች፤ እነሱም ዛሬ እናነበዋለን ብለዋል። ለጥቁር ገደል ግን የምታደርገው የለም። የእሷ የፖሊስ ባጅ ከወንዙ ማዶ እንኳ አይሠራም።

ዛኪያ በሩን ከፍታ ፊቷን አየች።

«ልኮታል» አለች።

«ልኮታል፣ እትዬ። እሁድ።»

ዛኪያ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ስሂንም ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ተቀመጠች። የደብተሩን ገጽ ሌላ ግልባጭ ይዛላት ነበር፤ ጭኗ ላይ አኖረችላት።

ስልኩ የጠራው ያኔ ነው። የማይታወቅ ቁጥር ነው። ዛኪያ አላነሳችውም፤ ስሂን ነካችላትና ድምፁን ከፍ አደረገች።

«አክስቴ? እኔ ነኝ፣ ሱሃይብ።»

ዛኪያ ጮኸች፤ ቃል አልነበረውም።

«አታልቅሺ፣ ደህና ነን። ጅቡቲ ገብተናል፣ ሰባታችንም። አባዬ ቅዳሜ ደወለልኝ። ‹ወረቀቱን ራሴ አነበብኩት፣ የጻፈው ሰው ከድቶናል፤ ዛሬውኑ ውጡ፣ ስልካችሁን ጣሉ› አለኝ። ለዚህ ነው ያልደወልኩት። እሁድ ሌሊቱን ጥበቃዎቹ ቤታችንን ፈትሸዋል አሉ። ማንንም አላገኙም።»

ስሂን ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ሰውየው ቅዳሜ ነው ያነበበው፤ ተውፊቅን የጠራው እሁድ ነው። በመሐሉ ያለውን ቀን ለሰባቱ ሰጠ።

«አክስቴ፣ አባዬን አቅርቢልኝ» አለ ልጁ። ድምፁ ውስጥ ደስታ አለ። «አንብቤ ጨረስኩ ሲለኝ እንኳን ደስ ያለህ አላልኩትም። ተደናግጬ ዘጋሁበት። ሥራ ገብቷል እንዴ?»

 ስሂን የዛኪያን እጅ ያዘች። ሌላ ምን ይደረጋል?

አሮጊቷ ጭኗ ላይ ያለውን ወረቀት አነሳች። መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። እሷም ብትሆን ፊደል የቆጠረችው በልጅነቷ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አላነበበችም።

«ሱሃይቤ» አለች። «አባትህ የጻፈው ነገር አለ። እኔ ላንብብልህ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ታገሠኝ።»

ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ልጁ ገብቶታል።

ዛኪያ ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አደረገች።

«እኔ… ጀላልዲን… ነኝ። ይህን… የጻፍኩት… በእጄ… ነው።»